ይሁዳ ምርጫ ነበረውን?

ዛሬ የሰሙነ ሕማማት ረቡዕ ነው፤ የካህናት አለቆች በጌታችን ላይ የመከሩበት፣ ይሁዳም አሳልፎ ሊሰጠው የተስማማበት ዕለት። በዚህ ሳምንት መስቀል የማንሳለመው፣ ተሳስመንም ሰላም የማንባባለው የእርሱን የክህደት አሳሳም እያሰብን ነው። በዚህ ሰሞን ከብዙ ሰው የምሰማው አንድ ጥያቄ አለ፦ «ይሁዳ ባይሸጠው ኖሮ እንዴት እንድን ነበር? አስቀድሞ የተጻፈበት ሰው ጥፋቱ ምንድን ነው?» ጠያቂዎቹ ከልብ ያዝኑለታል። እኔም አዝንለታለሁ፤ ሆኖም «ምርጫ አልነበረውም» ብሎ ማዘን ሰውነቱን መንሣት ይመስለኛል።

ጥያቄው የቆየ ነው። በሁለተኛው መቶ ዓመት ሴልሰስ የተባለ አረማዊ ፈላስፋ፣ ኢየሱስ አምላክ ሆኖ ከተናገረ ቃሉ የግድ መፈጸም ነበረበትና ደቀ መዛሙርቱን ከዳተኞች ያደረጋቸው እርሱ ራሱ ነው ሲል ክርስቲያኖችን ነቅፎ ነበር። በ248 እ.ኤ.አ. ገደማ መልስ የጻፈለት የእስክንድርያው መምህር ኦሪጀን (ቤተ ክርስቲያን ሌሎች ትምህርቶቹን ባትቀበልም በዚህ ነገር አጥርቶ ተናግሯል) ነገሩ የሚሆነው ስለ ተነገረ ሳይሆን የተነገረው ስለሚሆን ነው አለ። አውግስጢኖስም ስለ ነጻ ፈቃድ በጻፈው መጽሐፍ፣ እኛ ያለፈውን ማስታወሳችን ያለፈውን እንዳላስገደደው ሁሉ የእግዚአብሔር አስቀድሞ ማወቅም የሚመጣውን አያስገድድም ብሎ አስተምሯል። የፕሮቴስታንቶች መሪ ማርቲን ሉተር ግን በ1525 እ.ኤ.አ. ስለ ነጻ ፈቃድ ለተሟገተው ሊቅ ለኢራስመስ ሲመልስ፣ ይሁዳ ማንም ሳይጎትተው ወዶ እንዳደረገው ቢቀበልም፣ እግዚአብሔር አስቀድሞ ካወቀው ፈቃዱ ሌላ ሊሆን አይችልም ነበር ብሎ ተከራከረ።

የሉተር ክርክር ቀላል አይደለም፤ ወንጌሉን ሳነብ ግን ልቤ ወደዚያ አያዘነብልም። በዚያው ሌሊት ጴጥሮስም ዶሮ ሳይጮኽ ሦስት ጊዜ እንደሚክድ ተነግሮታል። እርሱ የተነገረበትን ቃል ሰበብ አላደረገም፤ ወጥቶ ምርር ብሎ አለቀሰ፤ እኛም ትንቢቱ አስካደው አንልም። ይሁዳም ቢሆን ወደዚያች ሌሊት በድንገት አልደረሰም። ዮሐንስ እንደሚነግረን የገንዘቡን ከረጢት ይዞ ከሚገባው ይወስድ ነበር፤ በቢታንያም ሽቱው በ300 ዲናር ተሽጦ ለድሆች ይሰጥ ማለቱ ለድሆች ተገዶላቸው አልነበረም። «ሰይጣን ገባበት» የሚለውን ቃል የምናገኘው ከዚህ በኋላ ነው። እኛ በደል በሠራን ቁጥር «ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» ለማለት የምንቸኩል ሰዎች ይህን ቅደም ተከተል ልብ ብንለው እወዳለሁ። ያዕቆብም እያንዳንዱ የሚፈተነው በራሱ ምኞት ሲሳብና ሲታለል እንደ ሆነ ጽፏል።

መዳናችን የይሁዳን ኃጢአት ይጠይቅ ነበር ማለትም አይታየኝም። ዮሴፍ ለወንድሞቹ እናንተ ክፉ አሰባችሁብኝ፣ እግዚአብሔር ግን ለመልካም አሰበው ሲላቸው፣ የእግዚአብሔር በጎ አሳብ የእነርሱን ክፉ አሳብ ከእነርሱ ላይ አላነሣላቸውም። ጌታም በጌቴሴማኒ ይሁዳን «ወዳጄ ሆይ፥ ለምን ነገር መጣህ?» አለው። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚቀርበው መልሱ በእጁ ላለ ሰው ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ የማቴዎስ 27ኛው ምዕራፍ ነው። ይሁዳ 30ውን ብር መልሶ «ንጹሕ ደም አሳልፌ በመስጠቴ በድያለሁ» ሲል፣ ካህናቱ «እኛስ ምን አግዶን? አንተው ተጠንቀቅ» አሉት። ጥቂት ቆይቶ ጲላጦስ እጁን እየታጠበ ለሕዝቡ «እናንተ ተጠንቀቁ» አለ። ኋላ ንስሐ እንደ ገባ ትውፊታችን ቢናገርም፣ በዚያች ሰዓት እርሱም ሸክሙን በሌላ ላይ አኖረ። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ተጽፎብኝ ነው ያላለ፣ በሰይጣንም ያላመካኘ፣ «በድያለሁ» ያለ ይሁዳ ብቻ ነው። ምርጫ አልነበረውም ስንል ይህችን ቃሉንም ከንቱ እናደርግበታለን። ጥፋቱን አውቆ ነበር፤ የተናዘዘው ግን ጥፋቱን ለገዙት ሰዎች ነበር፤ ወዳጄ ወዳለው አልተመለሰም።