ከአሮጌ ነጠላና ከባዘቶ የምትሠራ አሻንጉሊት

በገጠር ያደጉ ብዙ ሴቶች የመጀመሪያ አሻንጉሊታቸውን ከሱቅ አልገዙም፤ በበቆሎ ቆረቆንዳ ወይም በአጭር እንጨት ላይ ብጣሽ ጨርቅ ጠምጥመው፣ ወገቧን በክር አስረው፣ በጀርባቸው አዝለው እሹሩሩ ይሏት ነበር። እኔ የምሠራት አሻንጉሊት የዚያች ዘመድ ስትሆን፣ ከላይዋም ከውስጧም ጥጥና የበግ ፀጉር እንጂ ሰው ሠራሽ ነገር አይገባባትም። ይህን የምለው ለናፍቆት ብዬ አይደለም፤ ሕፃን አሻንጉሊቱን አቅፎ ስለሚተኛና አፉም ውስጥ ስለሚከት፣ ላብና ምራቅ የሚመጥጥ ጨርቅ ይሻለዋል።

ሻጭ «ንጹሕ ጥጥ ነው» ቢለኝም ከጠርዙ አንድ ክር መዝዤ በክብሪት እለኩሳለሁ። ጥጥ ከሆነ ወረቀት ወረቀት እየሸተተ ይነድና ሲነኩት የሚበን ግራጫ አመድ ይተዋል፤ የበግ ፀጉር ያረረ ጠጉር ይሸታል፤ ፖሊስተር ግን ቀልጦ ይኮማተርና ጫፉ ላይ እንደ ዶቃ ይደርቃል። ከጥለት የተመዘዘ የሚያብረቀርቅ ክር በዚህ ፈተና ብዙ ጊዜ ይወድቃል።

ለቆዳዋ የምመርጠው አቡጀዴ ነው፤ በእጅ የተፈተለ ሸማ ሽመናው ልል ስለሆነ የውስጡ ጥጥ ይሾልካል። አቡጀዴውን በፈላ ውሃ አጥቤ፣ የሚሰበሰበው አስቀድሞ ከተሰበሰበ በኋላ፣ አብዝቼ ባፈላሁት ጥቁር ሻይ ውስጥ እነክረዋለሁ። ለዚህ የብረት ድስት አይሆንም፤ በሻይ ቅጠል ውስጥ ያለው ታኒን ከብረት ጋር ሲገናኝ ቀለሙን ወደ ግራጫ ይወስደዋል። ጨርቅ ሲደርቅ ስለሚፈካም፣ ከምፈልገው ጠይምነት ጠቆር እስኪል ድረስ አላወጣውም።

ከሥራው ሁሉ ትዕግሥት የሚፈትነው ጭንቅላቷ ነው። የተረፈ ፈትል አጥብቄ በመጠቅለል ልቃቂት አደርገውና በባዘቶ አለብሰዋለሁ፤ ልቃቂቱ ከላላ ፊቷ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይጎደጉዳል። በላዩ የሚወጠረው አቡጀዴ በሰያፍ የተቆረጠ መሆን አለበት፤ በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ስለሚለጠጥ ጉንጯ ላይ ሳይሸበሸብ ይቀመጣል፣ የተረፈው እጥፋትም ወደ ማጅራቷ ተስቦ በፀጉሯ ይሸፈናል። አንገቷን በሰም በታሸ ክር አስራለሁ፤ ከማሰሪያው በታች የሚተርፈውን ጨርቅ አልቆርጠውም፤ ትከሻዋ ውስጥ ገብቶ የሚሰፋው እርሱ ነው፤ አንገቷ እንዳይዘምም የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ገላዋ ቀላል ነው። ከእጅና ከእግር ጫፍ ጀምሮ ባዘቶውን በጣት በጣት እየቆነጠሩ መጠቅጠቅ ብቻ ነው፤ በአንድ ጊዜ የገባ ብዙ ጥጥ ይጓጉላል። ሲዳመጥ ፍሬው በደንብ ያልወጣለት ጥጥ ግን አልጠቀምም፤ ፍሬው ዘይት አዘል ስለሆነ ጨርቁን ሊያሳድፍ ይችላል።

ፀጉሯ ከጥቁር በግ ፀጉር የተፈተለ ወፍራም ክር ነው፤ ከበግ ፀጉር የሚሸመነው ወፍራም ልብስ፣ ባና፣ በሚሠራበት በመንዝ ይህ አይቸግርም። ክሩን ከመሐል ራሷ ጀምሬ በጥብቅ ከሰፋሁት በኋላ ሹሩባ እጎነጉነዋለሁ። ዓይኖቿን በክር እጠልፋለሁ እንጂ ቁልፍ ወይም ጨሌ አላደርግባትም፤ ከተበጠሰ ልጅ ይውጠዋል። አፏም አንዲት አጭር ስፌት ናት፤ ሁልጊዜ የምትስቅ አሻንጉሊት ለሚያለቅስ ልጅ አትመችም ብዬ አምናለሁ።

ቀሚሷን ከአሮጌ ነጠላ እቆርጣለሁ። ብዙ ጊዜ የታጠበ ነጠላ ከአዲሱ ይልቅ ለስላሳና የተረጋጋ ነው፤ የጥለቱን ዳር ወደ ታች ካደረግሁት ደግሞ ጫፉን መቀምቀም አያስፈልገኝም።

ስትቆሽሽ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። ከተዘፈዘፈች ባዘቶው ይጓጉላል፣ ውስጧም ሳይደርቅ ይሻግታል፤ ያኔ የጀርባዋን ስፌት ተርትሮ ጥጡን መለወጥ ግድ ነው፤ ስለዚህ ያንን ስፌት ከመጀመሪያው ሰፋ ባለ እርምጃ እሰፋዋለሁ።