ፌዝ መስሎኝ ነበር

ዩኒቨርሲቲ፣ ፊዚክስ ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ሳውንድ ሲስተም ከሚያከራይ ሰው ጋር እሠራ ነበር። ስፒከር እሸከማለሁ፣ ገመድ እዘረጋለሁ፤ ካመነኝ ደግሞ አገናኛለሁ።

አንድ የሠርግ ቀን ካመነኝ ቀናት አንዱ ነበር። ዘፈኑን ለሙከራ ስንከፍተው ድምፅ አለ፣ ቤዝ (ወፍራሙ ድምፅ) የለም። በተለይ ከሙሽሮቹ ወንበር ፊት ለፊት፣ ልክ መሐል ላይ፣ ከበሮው ቆርቆሮ ሲመታ ይመስላል። ሚክሰሩ ላይ ቤዝ ጨመርኩ፤ ምንም። ደግሜ ጨመርኩ፤ የአምፕሊፋየሩ ቀይ መብራት በራ። ወደ አንዱ ስፒከር ስጠጋ ግን ቤዙ ደረቴን ይደልቀዋል።

አሠሪዬ ጋሼ መጥቶ መሐል ላይ ቆመ፤ ትንሽ አዳመጠና «ይሄ ፌዝ ነው» አለኝ።

«ኧረ ጋሼ፣ በሥራ አላፌዝም!»

ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ከቀኙ ስፒከር ጀርባ ሄዶ ቀዩንና ጥቁሩን ገመድ አቀያየረ፤ ቤዙ መጣ።

ገልብጬ ያሰርኩት እኔው ነበርኩ። ለካ ጋሼ ያለው ቀልዱን ፌዝ ሳይሆን የእንግሊዝኛውን «phase» ነው፤ ሞገዱ በውጣ ውረዱ የት ደረጃ ላይ እንዳለ ማለት ነው። የግራው አየሩን ወደ ፊት ሲገፋ የቀኙ ወደ ኋላ ይስባል፤ መሐል ላይ ተጠፋፉ። የ50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ጊዜ የሚርገበገብ) ቤዝ ድምፅ ሞገድ ርዝመቱ 7 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ መሐል አካባቢ የቆመ ሁሉ ቤዝ ያጣል። የቀጭኑ ድምፅ ሞገድ በሴንቲሜትር የሚለካ ነው፤ አንገት ዘንበል ሲል መጠፋፋቱ ይፈርሳል።

«ሁለቱንም ገልብጬ ባስርስ ኖሮ?» አልኩት።

«ማን ያውቅብሃል?»

ይቺን መልስ ይዤ ሰኞ ክፍል ገባሁ። የኳንተም ሜካኒክስ መምህራችን የሞገድ ፋንክሽኑን (የኤሌክትሮንን ሁኔታ የሚገልጸውን ቀመር) በሙሉ በአንድ ፌዝ ብናባዛው ምንም የሚለካ ለውጥ አይመጣም ሲሉን ሳምንት ሙሉ አልገባኝም ነበር። ለካ ሁለቱንም ስፒከር መገልበጥ ነው! የሚታየው ልዩነቱ ብቻ ነው። ኤሌክትሮን በሁለት ቀዳዳ ሲያልፍ፣ በአንደኛው መንገድ ያለውን ፌዝ በ180 ዲግሪ ብናዞረው ስክሪኑ ላይ የሚታዩት ብሩሁና ጨለማው መስመር ቦታ ይለዋወጣሉ። በ1989 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ተመራማሪው ቶኖሙራና ባልደረቦቹ ጃፓን ውስጥ ኤሌክትሮኖችን አንድ በአንድ እየላኩ መስመሮቹ በነጥብ በነጥብ ሲሠሩ አሳይተዋል።

እርግጥ ነው ኤሌክትሮኑ ዘንድ የሚገፋ አየር የለም፤ የሚደመረው የዕድል ሞገድ ነው፤ ምሳሌዬ እዚያ ላይ ያነክሳል።

አበሌ አልተቆረጠብኝም፤ ሙሽሮቹ ገና አልገቡም ነበር። ጋሼ ግን ከዚያ ወዲህ ገመድ ባቀበለኝ ቁጥር «ዛሬ ፌዝ የለም» ይለኛል።