በእድራችን ስለ ምግብ መወሰን እንዴት ጀመርን

የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው፤ የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። እድራችን ከለቅሶ ሌላ ጉዳይ ይዞ መቀመጥ የጀመረው በቲማቲም ዋጋ ነው። ትልቁ አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ ሄደ። በ2013 ደግሞ ሜዳው ለጥምቀት መለቀቅ ስለነበረበት ወደ ኃይሌ ጋርመንት መጣ፤ ለእኛ ቅርብ ነው። ታዲያ ገበያው ቀርቦን ዋጋው ለምን አልቀነሰልንም? ስብሰባ ላይ ያነሳሁት ይህንኑ ጥያቄ ብቻ ነበር።

ስለ ጤናማ አመጋገብ የሚያስተምር ባለሙያ መጥራት ይቻል ነበር። ሆን ብዬ ተውኩት። ጎመን ለልጅ እንደሚጠቅም የማታውቅ እናት እኛ ሰፈር የለችም። ይልቅ አብረን ሒሳብ ሠራን። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲበላ ይመክራል፤ ድንች አይቆጠርም። አምስት ሰው ላለበት ቤት በቀን 2 ኪሎ፣ በሳምንት 14 ኪሎ ይመጣል። ሁሉም ዝም አለ። ከዚያ አንዲት ጎረቤቴ "በየትኛው ደሞዝ?" አለች። እውነተኛው ውይይት የተጀመረው ያኔ ነው።

ቀጥሎ እያንዳንዱ ቤት ምን እንደገዛ፣ ከማን፣ በስንት እንደገዛና ምን ያህሉ ተበላሽቶ እንደተጣለ እንዲጽፍ ተስማማን። መጻፍ ለማይችሉት ልጆቻቸው ጻፉላቸው። በየብሎኩ አንድ ሴት ወረቀቱን ሰበሰበች። ሰው "ምን መብላት አለብን?" ሲባል አንገቱን ይደፋል። "ትናንት ምን ገዛችሁ?" ሲባል ግን ሁሉም ባለሙያ ነው።

ከወረቀቱ የወጣው ነገር ግልጽ ነበር። አብዛኛው ሰው የሚገዛው ከጉሊት ነው። ማታ ከሥራ ሲመለስ፣ በመደብ፣ ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ ይገዛል። የሳምንቱን በአንዴ ለመግዛት የሚበቃ ብር በእጁ የለም። ስለዚህ ጉሊት የሚቸረችሩት ሴቶች ይጠሩ አልኩ። አንዳንድ ሰዎች "እነሱ ነጋዴ ናቸው፤ ስለ ዋጋ ከነጋዴ ጋር እንዴት እንመክራለን?" አሉ። በእኔ እምነት ከሠራነው ሁሉ ትልቁ እነሱን መጥራታችን ነው።

ሴቶቹ መጥተው መንገዱን አንድ በአንድ ነገሩን። ቲማቲሙ ከመቂና ከባቱ በአይሱዙ ተጭኖ ይመጣል። በደላላና በጅምላ ነጋዴ እጅ ያልፋል። አንዷ ብቻዋን ብዙ ሳጥን ማንሳት ስለማትችል ከመሃል ነጋዴ ጥቂት ጥቂት ትወስዳለች። የባጃጅ ኪራይ አለ። ከሳጥኑ ሥር ያለው ቲማቲም ተጨፍልቆ ይወጣል፤ የእሱ ኪሳራ በደህናው ላይ ይጨመራል። ሳይሸጥ ያደረውም እንዲሁ። አንዷ "እናንተ ማታ ስንት ሰው እንደሚገዛኝ ብትነግሩኝ ኖሮ የማመጣውን ልክ አውቅ ነበር" አለች። መፍትሔው ከእሷ አፍ ወጣ።

አሁን ብሎኮቹ ቅዳሜ ያዝዛሉ፤ ሴቶቹ ተባብረው በሳጥን ይገዙና በአንድ መኪና ያመጣሉ። መነሻ ብሩን እድሩ አበደረ። ቀላል አልነበረም። አንድ የተከበሩ አባት "የለቅሶ ገንዘብ ለቲማቲም?" ብለው ተቃወሙ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ብዙ ከተከራከርን በኋላ ከመዋጮው ሳይነካ ከቅጣት ገቢው ብቻ እንዲበደርና በየሳምንቱ እንዲመለስ ተወሰነ። እሳቸውም እጃቸውን አውጥተው ደገፉ። ዋጋው በየሳምንቱ አይቀንስም፤ ክረምት ላይ ቲማቲም ሲወደድ ለእኛም ይወደዳል። የሚጣለው ግን በግልጽ ቀንሷል።

ጎመንና ቆስጣ ላይ ያነሳነው ሌላ ነገር ነው። በከተማችን ከሚሸጠው ቅጠላ ቅጠል ውስጥ በአቃቂ ወንዝ ውሃ የበቀለ አለበት። ወንዙ የፋብሪካና የቤት ፍሳሽ ይቀበላል። በዚያ ውሃ በበቀሉ አትክልቶች ላይ የተሠሩ ጥናቶች እንደ ክሮሚየምና ካድሚየም ያሉ ከባድ ብረታ ብረቶችን አግኝተዋል፤ ቅጠላ ቅጠሎች ደግሞ በቀላሉ ይስባሉ። ማጠብ ጀርሙን ይቀንሳል፤ ቅጠሉ ውስጥ የገባውን ብረት ግን አያወጣም። የወንዙ ዳር ገበሬም ልጆች የሚያሳድግበት ሥራው ነው፤ "አትግዙት" ብሎ መዝጋት አልፈለግንም። ቸርቻሪዎቹ ቅጠሉ ከየት እንደመጣ እንዲነግሩን ተስማማን፤ በብሎኮቹ መሃል ደግሞ በጆንያ አፈር ሞልተን ቆስጣ ተከልን። ውሃው በፈረቃ ስለሚመጣ የጣሪያውን ዝናብ በበርሜል እናጠራቅማለን። ጆንያዎቹ ከመኪና ማቆሚያው ጋር በቦታ ስለሚሻሙ የተነሳው ክርክር ግን ገና አላለቀም።

የቤሎ ሆሪዞንቴን ታሪክ ሳነብ ተበረታትቻለሁ። ይህች የብራዚል ከተማ በ1993 እ.ኤ.አ. ምግብ የነዋሪው መብት ነው ብላ የራሱ መሥሪያ ቤት አቋቋመችለት። ለገበሬዎች ከተማ ውስጥ በቀጥታ የሚሸጡበት ቦታ ሰጠች፤ ነዋሪዎችንም በምክር ቤት አስቀመጠች። እዚያ ከላይ የጀመረውን እኛ ከታች እየገፋን ነው። የጉሊት ሴቶቻችን በእሁድ ገበያ ቦታ እንዲሰጣቸው ጠይቀናል። የጠየቅነው በቃል አይደለም፤ በየቤቱ የተጻፈውን ወረቀት አያይዘን ነው። አዳራሽ ተጠርቶ ሐሳብ መስጠት አንድ ነገር ነው። የራስህን መረጃ ይዘህ ስትቀርብ ግን የሚሰማህ ሰው አደማመጡ ይለወጣል።

አሁን የያዝነው ዘይት ነው። የሚረጋው የፓልም ዘይት ልብን የሚጎዳው ቅባት ይበዛበታል፤ ግን ይረክሳል። የኑግ ዘይት የምንወደው ነው፤ ዋጋው ግን አይቀመስም። የትኛው ቤት በወር ስንት ሊትር እንደሚጠቀም ብሎክ በብሎክ እየጻፍን ነው፤ ኑግ በኩንታል ገዝተን እዚሁ ሰፈር ማስጨመቅ ያዋጣ እንደሆነ በቁጥሩ እናያለን።