ስለ ኢል ለልጆቼ ስነግራቸው

ሰሞኑን ልጆቼን ስለ ኢል ልንገራችሁ አልኳቸው፣ ያ እባብ የሚመስለው ዓሳ። ትልቁ ወዲያው "ኤሌክትሪክ ያለው ነው አይደል?" አለኝ። አይደለም፣ ያ የደቡብ አሜሪካው ነው፣ የሚገናኙት በስም ብቻ ነው፣ እኔ የምላችሁ አውሮፓ ወንዝ ውስጥ የሚያድገውን ነው አልኩት።

የሚወለደው ግን ወንዝ ውስጥ አይደለም፣ አትላንቲክ ውስጥ ሳርጋሶ የሚባል ባህር ላይ ነው። ሲፈለፈል ጠፍጣፋ ቅጠል ነው የሚመስለው፣ ሰውነቱም ወዲያ ማዶ ያሳያል። ከላስቲክ ቅጠል ቆርጬ ደብተር ላይ ሳስቀምጥላቸው ፊደሉን በላስቲኩ ውስጥ አነበቡትና ገባቸው። ከዛ የውቅያኖሱ ውሃ እየገፋው በሺዎች የሚቆጠር ኪሎሜትር ይሄድና ዳርቻ ሲደርስ ቀጭን ክር ነገር ሆኖ ወንዝ ይገባል፣ እዛ 10 ዓመትም 20 ዓመትም ሊቆይ ይችላል፣ ሳሩ እርጥብ ከሆነማ በየብስም እየተሳበ ያልፋል።

አንድ ቀን ግን ሰውነቱ ይለወጣል። ቆዳው ብርማ ይሆናል፣ አይኑ ይተልቃል፣ ሆድ ዕቃው ይሟሽሻል፣ መብላት ያቆማል፣ እና ከ5000 ኪሎሜትር በላይ ዋኝቶ ወደ ተወለደበት ይመለሳል። እዛ እንቁላል ጥሎ ይሞታል። እዚህ ጋ ትንሽ አመነታሁ ግን ደበቅ ማድረጉን አልወደድኩትም፣ ነገርኳቸው። ትንሿ ዝም ብላ ቆየችና "እማዬ፣ ልጆቹ እናታቸውን አያዩዋትም ማለት ነው?" አለችኝ። አዎ የኔ እናት፣ አያዩዋትም።

ከሁሉም የወደዱት ግን እንቁላል ሲጥል በአይኑ ያየ ሰው እስካሁን የለም ስላቸው ነው። ታዲያ በምን ታወቀ? ዮሃንስ ሽሚት የሚባል ዴንማርካዊ ከ1904 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ወደ 20 ዓመት ገደማ ውቅያኖሱን በመረብ እያሰሰ ጩጬዎቹን ለካ፣ ወደ ሳርጋሶ በቀረበ ቁጥር ቁመታቸው እያነሰ እያነሰ መጣ፣ ስለዚህ መነሻቸው እዛ ነው አለ። ልጆች ይሄን ወዲያው ነው የሚረዱት፣ እንዲያውም ትልቁ ሳልጨርስ ቀድሞኝ መለሰው። ትልልቆቹ ኢሎች ራሳቸው እዛ ሲደርሱ በመከታተያ መሳሪያ የተረጋገጠው ገና በ2022 ነው።

ግድቦች መንገዳቸውን እንደሚዘጉባቸውና ሊጠፉ እንደተቃረቡም ነገርኳቸው፣ እሱን ሌላ ቀን በሰፊው እናወራዋለን።

ማታ ትንሿ ኢሉን ስላ አመጣችልኝ፣ አይኑ ከጭንቅላቱ ይተልቃል። "አፉስ?" አልኳት። "ከአሁን በኋላ አይበላም እኮ" አለችኝ።