ኔትወርክ ፕላስ ወይስ ሲሲኤንኤ? ሁለቱንም ከተፈተንኩ በኋላ የምለው

ለጀማሪ የኔትወርክ ባለሙያ ከሚሰጡት ፈተናዎች ሁለቱን፣ የኮምፕቲያን ኔትወርክ ፕላስና የሲስኮን ሲሲኤንኤ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ተፈትኜ ይዣለሁ። ከመጀመሬ በፊት የሰማሁት ንጽጽር ሁሉ «ሲሲኤንኤ ትንሽ ይከብዳል» ከማለት አያልፍም ነበር። በምን እንደሚከብድ አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ገንዘቤም ጊዜዬም ይተርፍ ነበር፤ ይህን የምጽፈውም ሌላው ሰው እንደ እኔ ሳያውቅ እንዳይገባበት ነው።

ስለ ኔትወርክ ፕላስ ብዙ የምለው የለኝም። ኤን10-009 የተባለው ፈተና በ90 ደቂቃ ውስጥ ቢበዛ 90 ጥያቄዎች የሚቀርቡበት ሲሆን፣ ውጤቱ ከ100 እስከ 900 ባለው መለኪያ ተሰልቶ 720 ያገኘ ያልፋል። ስፋቱ እንጂ ጥልቀቱ አያስጨንቅም፤ የኬብል ዓይነቶችን፣ የኔትወርክን ሥራ በደረጃ የሚከፍሉትን ሰባቱን የኦኤስአይ ንብርብሮች፣ እያንዳንዱ አገልግሎት የሚለይባቸውን እንደ 53፣ 389 እና 3389 ያሉትን የፖርት ቁጥሮች፣ እንዲሁም ብልሽት የሚፈለግባቸውን ሰባት ደረጃዎች በቅደም ተከተላቸው የያዘ ሰው ብዙውን ይመልሳል። የሚያታግለው የጥያቄው አነጋገር ነው፤ አራቱም ምርጫዎች ትክክል ሆነው «ቅድሚያ የሚደረገው የትኛው ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ በሁለተኛ ቋንቋው የሚያነብ ሰው አንዲት ቃል ካመለጠችው ነጥቡ ይሄዳል። ኮምፕቲያ አስቀድሞ ኤ ፕላስ የተባለውን የራሱን የኮምፒውተር ጥገና መነሻ ፈተና መያዝንና ከ9 እስከ 12 ወር በሥራ ላይ መቆየትን ይመክራል፤ እኔ ግን ሁለቱም ግዴታ ናቸው ብዬ አላምንም። በተግባር የሚሠሩትን ጥያቄዎች ምልክት አድርጌባቸው አልፌ መጨረሻ ላይ ተመለስኩባቸው፤ ይህም በጣም ጠቀመኝ።

ችግሬ የጀመረው ይኸው ልማድ ሲሲኤንኤ ላይ እንደማይሠራ ማንም ስላልነገረኝ ነው። 200-301 በተባለው የሲሲኤንኤ ፈተና «ቀጣይ» የሚለውን ከተጫኑ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ የለም። ምልክት አድርጎ ማለፍ፣ ቀላሉን አስቀድሞ ሠርቶ ከባዱን ማቆየት፣ ከኋላ በመጣ ጥያቄ ተነሥቶ የፊቱን ማረም፣ አንዱም አይቻልም። 120 ደቂቃው በወረቀት ላይ ብዙ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ትእዛዝ እየጻፉ ራውተርና ስዊች የሚያስተካክሉበት የላብ ጥያቄ ሲመጣ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚገባው እዚያው መወሰን ያስፈልጋል። ተፈታኝ በሚገባው የምስጢር ውል መሠረት የገጠመኝን ጥያቄ መግለጽ አልችልም፤ ትግሉ ምን እንደሚመስል ግን በራሴ ምሳሌ ላሳይ።

በአንድ ራውተር የመንገድ ሠንጠረዥ ውስጥ ወደ 10.1.0.0/16 የሚወስድ በእጅ የተጻፈ መንገድ፣ ወደ 10.1.4.0/22 የሚወስድ ደግሞ በኦኤስፒኤፍ፣ ማለትም ራውተሮች መንገድ በሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል፣ የተገኘ መንገድ አለ እንበል። ለ10.1.5.9 የተላከ ፓኬት በየትኛው ይሄዳል? በእጅ የተጻፈው መንገድ የታማኝነት ቁጥሩ (ሲያንስ ይበልጥ የሚታመንበት) 1፣ የኦኤስፒኤፍ 110 መሆኑን የሸመደደ ተማሪ አነስተኛውን ቁጥር ይዞ ወደ መጀመሪያው ይሮጣል። ራውተሩ ግን አስቀድሞ የሚያየው የትኛው አድራሻ ይበልጥ እንደሚገጥም ነው፤ 10.1.5.9 በሁለቱም ውስጥ ቢኖርም፣ ከ10.1.4.0 እስከ 10.1.7.255 ያለው ክልል ከ/16ው ጠባብ ስለሆነ ፓኬቱ በኦኤስፒኤፉ መንገድ ይሄዳል። የታማኝነት ቁጥሩ የሚወዳደረው ለአንድ ዓይነት አድራሻና ማስክ (ከ«/» በኋላ ላለው ቁጥር) ሁለት ምንጮች ሲኖሩ ብቻ ነው። ኔትወርክ ፕላስ የእነዚህን ነገሮች ስም ማወቅዎን ይፈትናል፤ ሲሲኤንኤ በእነዚህ ነገሮች እንዲፈርዱ ያደርግዎታል፣ ያውም ሰዓቱ እየቆጠረ።

ሲሲኤንኤን ለመጀመሪያ ጊዜ ስፈተን አላለፍኩም። ሲስኮ የማለፊያውን ነጥብ ስለማያሳውቅ ምን ያህል እንደቀረኝ እንኳ አላወቅሁም፤ ያየሁት በየክፍሉ የተሰጠኝን መቶኛ ብቻ ነው። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ግን ፈተናው አይደለም፤ ያሠለጠነኝ ተቋም ነው። ሲመዘግቡኝ «ኔትወርክ ፕላስ ያለው ሰው ግማሹን መንገድ ጨርሷል» ብለውኝ ነበር። ፈተናው በየካቲት 2020 እ.ኤ.አ. መለወጡ እየታወቀ፣ አስተማሪው ከዚያ በፊት በነበረው ስላይድ ሪፕንና ኢአይጂአርፒን የተባሉትን ሌሎች የመንገድ ፕሮቶኮሎች ሲያስተካክል ሳምንታት አለፉ፤ አሁን በእጅ የሚሠራው ግን በአንድ ክልል የተወሰነው ኦኤስፒኤፍ ነው። ከፈተናው 10 በመቶ የሚይዘው አውቶሜሽን፣ ማለትም ኔትወርክን በፕሮግራም ማስተዳደር (ጄሶን፣ ኤፒአይና አንሲብል)፣ በአንድ ከሰዓት ተነካክቶ ታለፈ። ከሁሉ የከፋው እኛ ተማሪዎች በግድግዳው ላይ የሚታየውን ስንመለከት መክረማችን ነው፤ ኪቦርዱን የሚነካው አስተማሪው ብቻ ነበር። ይህን ይዤ ኃላፊውን ባነጋግር «እኛ የምንሰጠውን ሥልጠና ሰጥተናል፤ ፈተናው የእርስዎ ጉዳይ ነው» አሉኝ። ይህ መልስ የተሰጠኝ የውጭ ምንዛሪው ገበያ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተለቀቀ በኋላ ነው፤ ቀድሞ 17,000 ብር አካባቢ የነበረው የ300 ዶላር የሲሲኤንኤ ክፍያ በጥቂት ሳምንታት ከ30,000 ብር በላይ ሆኖ ነበር። በዚህ ዋጋ ድጋሚ የሚፈተን ሰው ለሚከፍለው፣ ያረጀ ስላይድ ያስተማረው ተቋም ምንም አይጠየቅም።

ከወደቁ በኋላ አምስት ቀን ጠብቆ እንደገና መፈተን ይቻላል፤ እኔ ግን በአምስት ቀን የሚስተካከል ነገር እንዳልሆነ ስለገባኝ ጊዜ ወሰድኩ። በነፃ የሚገኘውን ፓኬት ትሬሰር የተባለ የኔትወርክ መለማመጃ ፕሮግራም ጭኜ አንድ ትንሽ ኔትወርክ መሥራት፣ ማጥፋት፣ እንደገና ካለ ማስታወሻ መሥራት ሥራዬ አደረግሁት። ቪላን፣ ትራንክ፣ ኤተርቻናል፣ ኦኤስፒኤፍ፣ ናትና የመዳረሻ ዝርዝር የተባሉት የስዊችና የራውተር ቅንብሮች እጄ ላይ እስኪገቡ ድረስ አልተውኳቸውም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ የሠራሁትን ሆን ብሎ እያበላሸ ይሰጠኝ ነበር፤ ከሁሉ ያስተማረኝ ይህ ነው። ሰብኔቲንጉን፣ ማለትም የአድራሻ ክልሎችን ከፋፍሎ ማስላቱን፣ በአእምሮዬ መሥራት ስለመድኩ 192.168.10.77/27 ሲባል ኔትወርኩ 64፣ ብሮድካስቱ 95 መሆኑን ለመናገር እርሳስ አላነሣም። በሚቀጥለው ፈተና አለፍኩ፤ በሠራሁት ሁሉ ከምኮራባቸው ነገሮች አንዱም ይህ ነው።

ስለዚህ «ቀላሉን አስቀድሙ» የሚለውን የተለመደ ምክር አልቀበልም። እዚህ ባየኋቸው የሥራ ማስታወቂያዎች ላይ ደጋግሞ የሚጠራው ሲሲኤንኤ ነው፤ ለአንድ ፈተና ብቻ የሚበቃ ዶላር ያለው ሰው በቀጥታ ወደ እርሱ ይሂድ። ኔትወርክ ፕላስን የምመክረው ወደ አሜሪካ ለሚሄድ፣ ወይም ሥራው ከተጠቃሚ ድጋፍ ለማያልፍ ሰው ነው። ሲስኮ ያመጣው ሲሲኤስቲ የተባለው የ50 ደቂቃ መነሻ ፈተና ትምህርቱን ገና ለሚጀምር ተማሪ ጥሩ መለማመጃ ነው፤ ሥራ ያስገኛል ብዬ ግን አልገዛውም። ለሥልጠና ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የምታስተምሩት የትኛውን የፈተና ዕትም ነው? በእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ ተማሪው ራሱ ለስንት ደቂቃ ትእዛዝ ይጽፋል? እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻው ላልሆነ ተፈታኝ ተጨማሪ ጊዜ የሚፈቀድበት አሠራር ስላለም፣ ቀን ከመያዛችሁ በፊት ጠይቁ፤ ኮምፕቲያ ዘንድ ካልጠየቃችሁ አይሰጣችሁም።