ለጠፈርተኛ ብላችሁ የውሃ ጃር አትቁረጡ

አራት ኪሎ አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት፣ ለዓመቱ መዝጊያ፣ ስለ ጠፈር የ40 ደቂቃ ሙዚቃዊ ድራማ አዘጋጀሁ። ከእኔ ቀድሞ የሞከረ ሰው ቢያስጠነቅቀኝ ኖሮ አሥራ ሁለት ልጆችን እንደ ቲማቲም ባላቀላሁ ነበር።

ድርሰቱ አያስቸግርም፣ ልጆቹ ራሳቸው ያሳምሩታል። ዜማውን በቅኝት ማከፋፈል ያዋጣል። እኛ ፀሐይን በባቲ፣ ማርስን በአንቺ ሆዬ አስገባን። ትዝታ ያለ ክርክር ለፕሉቶ ሄደ፤ ነሐሴ 1998 ዓ.ም. ከፕላኔትነት የተሰናበተ ምስኪን ሌላ ምን ይዘፍናል? ክብደት አልባነትን ለማሳየት ገመድ ምናምን አትፈልጉ። ሳተላይታችን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ስትመጥቅ የሚያሳየው ትዕይንት ላይ ከበሮው በጭክጭካ ይጀምርና ምህዋር ስትገባ በግማሽ ፍጥነት ያዘግማል። እስክስታ በዝግታ ሲወረድ ሰውየው የሚንሳፈፍ ይመስላል።

ሳተርን 5 ቁጥር ኳስና ሰፌድ ናት። ኳሱ 22 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ቀለበቶቿ የራሷን ስፋት 2.3 እጥፍ ገደማ ስለሚሆኑ 50 ሳንቲ ሜትር ሰፌድ ልክክ ይላል። መሐሉ ስለሚቀደድ ከእናታችሁ ጓዳ አትውሰዱ፣ ግዙ። በዚህ ልክ ከሄዳችሁ ግን መሬት ከ2 ሳንቲ ሜትር እምብዛም የማትበልጥ ብይ ትሆናለች፤ ፀሐይ ደግሞ 2 ሜትር ተኩል ታልፋለች። የሳይንስ መምህራችን «ልኩ ይጠበቅ» ብለው ድርቅ አሉ፤ ብይዋን ከሁለተኛው ረድፍ ወዲያ ያያት የለም። ልኩን ተዉት።

አሁን ወደ ጉዱ። ለሄልሜት የ20 ሊትር የውሃ ጃር መረጥን። ስፋቱ 27 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ የልጅ ጭንቅላት በደንብ ያስገባል። ታቹን በሴጌቶ ቆርጣችሁ፣ ስለቱ አንገት እንዳይቆርጥ ለሁለት የተሰነጠቀ የውሃ ጎማ ታለብሱታላችሁ። እስከዚህ ድረስ ያምራል፣ ፎቶም ላይ ይወጣል። ችግሩ ልጁ አፉን ሲከፍት ነው።

መጀመሪያ የሚመጣው ጉም ነው። ገና የመጀመሪያው አዝማች ሳያልቅ ፊቱ ጠፋ። ላርጎ በስሱ ቀብቶ በደረቅ ጨርቅ መወልወል ለአንድ ዘፈን ይረዳል፣ ለሁለተኛው አይሆንም። ከዚያ አየሩ። የተነፈሱትን መልሶ መተንፈስ ነውና ልጆቹ ላብ በላብ ሆኑ፣ አንዷ ራሷን አዞራት። እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ ከኋላ ስምንት ቀዳዳ በስቼ ነበር። ቀዳዳ ምንም አያደርግም፤ ይህን ለማወቅ ጄኔራል ልምምድ ድረስ መጠበቄ እስካሁን ያናድደኛል።

ሦስተኛው ድምፁ ነው። በእጅ የሚያዘው ማይክ ከውጭ ሲሆን የሚይዘው ጉርምርምታ ብቻ ነው። ትንሿን ማይክ ውስጥ አስገብተን ጉንጫቸው ላይ ብናጣብቃት ደግሞ ትንፋሹን እንደ ወናፍ አጎላችው። በዚያ ላይ ጃሩ በስፋቱ ልክ የራሱ ድምፅ አለው፤ 600 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ኖታ ሁሉ ያስገመግመዋል፣ የልጅ ዜማ ደግሞ እዚያው ሰፈር ነው የሚውለው። ሚክሰሩ ላይ ሚዱን፣ ማለትም መካከለኛውን ድምፅ፣ መቀነስ ይሻላል፣ ግን አያድንም። ርእሰ መምህሩ «ጮክ ብለው ይዝፈኑ» አሉ። ጮክ ሲሉ ጉሙም ላቡም ጩኸቱም ባሰ። «ፊቱ ይከፈት» ስል «የጠፈር ሰው ፊቱ ክፍት ከሆነ ይሞታል» ብለው መለሱልኝ። ልጆቹ ተዘግቶባቸውስ ሊሞቱ አልነበር?

ጠፈር ላይ አየር ስለሌለ ድምፅ አይተላለፍም፤ የጠፈርተኛ ድምፅ የሚኖረው አየር ያለበት ሄልሜቱ ውስጥ ነው። እኛ ደግሞ አየር ሞልቶ በተረፈው አዳራሽ ሄልሜት አምጥተን ድምፁን አፈንነው።

መፍትሔው ቀላል ነበር። የዝግጅቱ ዋዜማ ማታ የጃሩን ፊት ከቅንድብ እስከ አገጭ በሙሉ ቆርጬ ጣልኩት፣ ጠርዙን በፎይል ፕላስተር ሸፈንኩ። መብራት ሲያርፍበት ጎንና ጎኑ ስለሚያብረቀርቅ መስታወት ያለው ይመስላል። ርእሰ መምህሩም አላስተዋሉም። ሞንታርቦዎቹን ከዘፋኞቹ ኋላ ሳይሆን ፊት ለፊት፣ ወደ ተመልካች አዙሩ፤ አለበለዚያ ማይኩ ያፏጫል። አጃቢ ሙዚቃውን በሙሉ በፍላሽ አታድርጉ፤ መብራት ሲጠፋ ፕላኔቶቹ ቆመው ይቀራሉ። ክራርና ከበሮ መድረክ ላይ ይኑር።

የጃሩን ማስያዣ ደግሞ ከወዲሁ ከወጪ ቁጠሩት። አከፋፋዩ የተቆረጠውን አይቀበልም፤ እኔ አሥራ ሁለቱንም ተሸክሜ ሄጄ ተሸክሜ ተመልሻለሁ።