ሶሻል ወርክ ወይስ ሂዩማን ሰርቪስ? አሜሪካ ለገባችሁ የወሎ ልጆች

ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወልድያ በዲቪም በቤተሰብም መጥተው «ሰው የሚረዳ ሥራ እፈልጋለሁ» የሚሉ ልጆች ብዙ ጊዜ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሄደው የሚመዘገቡት ሂዩማን ሰርቪስ ነው። ትምህርቱ ክፉ አይደለም፤ በመጠለያ፣ በአረጋውያን ማእከል፣ በስደተኞች ድጋፍ ቢሮ ያስቀጥራል። ጣጣው የሚመጣው ቆይቶ፣ ወደ ሶሻል ወርክ ልሻገር ሲባል ነው። የሶሻል ወርክ ላይሰንስ በአብዛኞቹ ስቴቶች የሚሰጠው ሲኤስደብልዩኢ የተባለው የሶሻል ወርክ ትምህርት ምክር ቤት እውቅና ከሰጠው ፕሮግራም ለተመረቀ ነው። የሶሻል ወርክ ባችለር ያለው ሰው ደግሞ ማስተርሱን «አድቫንስድ ስታንዲንግ» በሚባለው መንገድ በአንድ ዓመት ገደማ ሊጨርስ ይችላል። የሂዩማን ሰርቪስ ምሩቅ ግን ማስተርስ ካማረው ሙሉውን ሁለት ዓመት ይቀመጣል። ስለዚህ ገና ስትመዘገቡ አማካሪውን «ይህን 60 ክሬዲት የትኛው የሶሻል ወርክ ፕሮግራም ይቀበልልኛል?» በሉት፤ መልሱንም በኢሜይል ይላክላችሁ። በቃል የተነገረ ነገር አማካሪው ሲቀየር አብሮ ይጠፋል።

አገር ቤት ዲግሪ የያዛችሁ «ኮርስ በኮርስ» የሚባለውን የትምህርት ማስረጃ ግምገማ ታሠራላችሁ። ትራንስክሪፕቱ ከሬጅስትራር ታሽጎ በቀጥታ ለገምጋሚው መላክ አለበት፤ የወጪ መጋራት እዳ ያልተዘጋበት ፋይል ደግሞ አይንቀሳቀስም። አሁንም ወሎ ያላችሁ ከመሳፈራችሁ በፊት እዳውን ዝጉና ደሴ ለሚቀር ዘመድ ውክልና ስጡ። ስማችሁንም አመሳክሩ። ሰይድ ወይም ሙሐመድ በላቲን ፊደል ፓስፖርቱ ላይ አንድ ዓይነት፣ ትራንስክሪፕቱ ላይ ሌላ ዓይነት የተጻፈባቸው ልጆች ብዙ ናቸው፤ ለአንዲት ፊደል ወራት ይቃጠላሉ። ቀድሞ በሦስት ዓመት ያለቀ ዲግሪም እንደ ሙሉ ባችለር ላይቆጠር ይችላል።

ገንዘቡን በአጭሩ፦ ግሪን ካርድ ያለው፣ ስደተኝነቱ ወይም ጥገኝነቱ የጸደቀለት ፋፍሳ የሚባለውን ማመልከቻ ሞልቶ የፌዴራል የትምህርት እርዳታ መጠየቅ ይችላል። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና በእንጥልጥል ያለ ወይም ቲፒኤስ (ጊዜያዊ ከለላ) ብቻ የያዘ ግን የፌዴራሉን አያገኝም፤ የስቴቱንና የኮሌጁን ይጠይቅ።

ብዙ ሰው የሚወድቀው ክፍል ውስጥ ሳይሆን የመስክ ልምምዱ ላይ ነው። ለሶሻል ወርክ ባችለር ቢያንስ 400 ሰዓት ያስፈልጋል። በሁለት ሴሚስተር ሲካፈል በሳምንት 14 ሰዓት ገደማ ነው፤ አብዛኛው ክፍያ የለውም፤ የሚሠራውም በቢሮ ሰዓት ነው። ሌሊት ፓርኪንግ ወይም ነርሲንግ ሆም እየሠራ፣ ለቤተሰብም እየላከ ለሚማር ሰው ይህ ከባድ ነው። ደሴ ውስጥ አሥር ዓመት በኤንጂኦ መሥራትም ከሰዓቱ ላይ አይቀነስም፤ ደንቡ ለቀድሞ የሥራ ልምድ ክሬዲት መስጠትን ይከለክላል። አብሽሩ፣ አንድ ቀዳዳ አለ፦ አሁን የምትሠሩበት ድርጅት ውስጥ ልምምዱን ማድረግ ይቻል እንደሆነ የኮሌጁን የመስክ ልምምድ ክፍል (ፊልድ ቢሮውን) ጠይቁ። ጥያቄውን ከመጨረሻው ዓመት በፊት ባለው ሴሚስተር መጀመር ይሻላል።

የጤና ወረቀትም ልምምዱን ያዘገያል። ኢትዮጵያ ውስጥ በሕፃንነቱ ቢሲጂ (የቲቢ ክትባት) የተከተበ ሰው የቲቢ የቆዳ ምርመራው ቲቢ ሳይኖርበት ሊያብጥ ይችላል፤ ከዚያ ራጅ ተነሡ ይባላል፣ ቀጠሮ ይገፋል። ከመጀመሪያው የደም ምርመራውን ጠይቁ።

ልምምዱ ሲጀመር የመማሪያ ውል ትፈርማላችሁ። እዚህ ላይ ንቁ! አማርኛ የምትችል ተማሪ ያገኘ ቢሮ አስተርጓሚ አድርጎ ሊያስቀራት ይፈልጋል። ቀኑን ሙሉ ስታስተረጉም የዋለች ልጅ ሴሚስተሩ ሲያልቅ የራሷ የምትለው አንድ ኬዝ የላትም። ውሉ ውስጥ የራሷ ደንበኞች፣ የራሷ ቃለ መጠይቅ፣ በየሳምንቱም ከተቆጣጣሪዋ ጋር የምትቀመጥበት ሰዓት ይጻፍ።

ሌላው ፈተና «ፕሮሰስ ሪከርዲንግ» ነው። ከደንበኛ ጋር የተባባላችሁትን ቃል በቃል ትጽፋላችሁ፤ ከጎኑ ያለው ዓምድ ያኔ ምን እንደተሰማችሁ ይጠይቃል። «ሆድ ይፍጀው» እየተባለ ያደገ ሰው ያንን ዓምድ ባዶ ይተወዋል፤ ነጥብ የሚያስቀንሰውም እሱ ነው። «ሲያለቅስ ደነገጥኩ፣ ወሬ ቀየርኩ» ብሎ መጻፍ ያስመሰግናል እንጂ አያስወቅስም። ስለ ደንበኛው ፋይል ውስጥ በሚገባው ማስታወሻ (ኬዝ ኖት) ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ «ሰነፍ ናት» አይጻፍም፤ «20 ደቂቃ ዘግይታ መጣች» ይጻፋል።

አበጋር (አስታራቂ ሽማግሌ) ባለበት አገር ያደገ ልጅ ማዳመጥና ቁጣ ማብረድ ያውቅበታል፤ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። አንድ ቦታ ላይ ግን አይሠራም። ልጅ እንደተጎዳ ከተጠረጠረ የሁለቱን ወገን ቃል እስክንሰማ ማለት የለም፤ ማስረጃ ባይኖርም ምክንያታዊ ጥርጣሬ በቂ ነው፤ በዚያው ቀን ለተቆጣጣሪ ይነገራል፣ በስቴቱ ሕግ መሠረት ሪፖርት ይደረጋል።

ቤት ለቤት ጉብኝት ላይ ቡና ቢቀርብስ? መሥሪያ ቤቱ ይለያያል፤ አስቀድማችሁ ጠይቁ። አቦሏን መቅመስ ብዙ ቦታ ችግር የለውም፤ በረካን መጠበቅ ግን የቀጠሮ ሰዓት ይበላል።

የወሎ ሰው እዚህም ቅሬ (እንደ እድር ያለ መረዳጃ) አለው፤ ስለዚህ አንድ ቀን የምታውቁት ሰው ስም በደንበኞች ዝርዝር ውስጥ ይመጣል። ፋይሉን ሳትከፍቱ ለተቆጣጣሪያችሁ ንገሩና ወደ ሌላ ሠራተኛ ይዛወር። ከፍቶ ካነበቡ በኋላ ማሳወቅ ዋጋ የለውም፤ ኮምፒውተሩ ማን፣ መቼ እንደከፈተው ይመዘግባል።